ሁለት ውሃ የጠጣች መኪና

ኢንስፔክተር የሺሀረግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እየጨመቀች ነበር። አንደኛውን ጨምቃ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ሁለተኛውን ስትጠመዝዘው ቀይ ውሃ በጣቶቿ መሀል ተንጠባጥቦ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። ከፊቷ፣ ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አምቡላንሷ አፍንጫዋን ደለል ውስጥ ቀብራ፣ የኋላ በሯን እንደከፈተች ቆማለች።

ወራቤሳ ከአምባሰል ተራሮች የሚወርድ፣ ክረምትን ብቻ የሚኖር ወንዝ ነው። ድልድይ የለውም። በበጋ መንገደኛ ጫማውን ሳያወልቅ ያልፈዋል፤ በነሐሴ ግን ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ያገሬው ሰው ከብቱን ይዞ ዳር ይቆማል። ትናንት ማምሻውን ያልቆመ አንድ ሰው ነበር። እሱም አሁን ሐይቅ ከተማ ታስሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾላ ሜዳ ከምትባል መንደር ፈሂማ የምትባል ወላድ ምጥ ጠንቶባት ደም ፈሰሳት። የውጫሌው አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዞ ርቆ ስለነበር የሐይቁ ተጠራ። ሹፌሩ ዝናው ከአዋላጇ ከሲስተር ማርያማዊት ጋር መጣ፤ ወንዙን ተሻግሮ ፈሂማንና ባሏን ኡበይድን ጫነ። ሲመለሱ ወንዙ መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጎርፉ ከዚያ በላያቸው ተጨመረ። ሦስቱ ተጋግዘው ሴትዮዋን ተሸክመው አወጧት። ፈሂማ እዚያው ዳር ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሌላ መኪና እስኪደርስ ግን አልቆየችም። ሕፃኗ ተርፋለች።

ሳጅን አሊ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ።

«ሰዉ ሁሉ የሚለው አንድ ነው» አላት። «ቁም እየተባለ ገባ። አረቄ ጠጥቶ ነበር።»

«ማን አሸተተው?»

«ባልየው። አንቺ ደግሞ ካልሲሽን እንዳደረግሽ ወንዝ የምትገቢ የመጀመሪያዋ ኢንስፔክተር ነሽ።»

«ጥልቀቱን ላይ ብዬ ነው።»

«እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። እኔ አጭር ስለሆንሁ ሁሉም ውሃ ጥልቅ ነው።»

የሺሀረግ ሳቋን ዋጠችው። ማዶ ላይ የኡበይድ ወንድሞች ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ሲስቅ የሚያዩት ፖሊስ አይፈልጉም። እርጥቡን ካልሲ መልሳ እያጠለቀች፣ አምሽተው ዳር ላይ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አስጠራች። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው የት ደርሶ እንደነበር ጠየቀቻቸው። አምስቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጎርፉ የመጣው ከጠፋ በኋላ ነው አሉ።

እሷም የአምቡላንሷን ቁመት በዓይኗ ለካች። ይህች መኪና ለዚህ አገር የተሠራች ናት፤ አየር የምትስብበት አፍ ከሰው ደረት እኩል ነው። የጉልበት ውሃ እንዴት ያንቃታል?

*

ዝናው የታሰረበት ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ልብሱ ገና አልደረቀም። አረቄ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከነጭራሹ አልጠጣም አልልሽም፣ ትናንት ግን አልቀመስሁም አለ። ሰዎች ቁም ብለውታል ወይ? ብለውታል። ታዲያ ለምን ገባ? ወላዷ እየደከመች ነበር።

«ሞተሩስ?»

«ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«መኪና ይጠፋል፣ ኢንስፔክተር።» ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አልመለሰም። «ጻፊው። እኔ ነኝ የነዳሁት። ሌላ ሰው መሪ አልያዘም።»

የሺሀረግ ብዙ ወንጀለኞች ጥፋታቸውን ሌላ ሰው ላይ ሲያሸክሙ ሰምታለች። ጥፋቱን እንዲህ አጥብቆ ደረቱ ላይ የሚይዝ ሰው ሲገጥማት ግን፣ ከሥሩ የተሸፈነ ነገር አለ ብላ ትጠረጥራለች።

በር ላይ ኡበይድን አገኘችው። ጎልማሳ ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ መምጣቱ ነው፤ የእጁ ጥፍር ውስጥ የመቃብር አፈር አለ። አልጮኸም። ወንድሞቹ ከወንዙ ማዶ ወደ ከተማ እየመጡ መሆናቸውን ብቻ ነገራት።

«ሕግ ይዞታል ብለን ነው ዝም ያልን» አላት። «ሕግ ከለቀቀው መንገዱን እናውቀዋለን።»

የጣቢያው አዛዥም በበኩሉ ቸኩሏል። ተጠርጣሪው ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጎርፍና ስካር ብለሽ ጻፊና ዝጊው አላት። ሁለት ወገን፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንዲት ሟች፤ ነገሩ ሳይቀጣጠል ይዘጋ ነው የሚለው። የሺሀረግ እስከ ነገ ቀትር ጊዜ ስጠኝ አለችው። ፊቱን አጨፍግጎ ሰጣት።

ስትወጣ አንድ ወጣት ምሳ ዕቃ ይዞ ከዘብ ጋር ይከራከራል። ዓይኑ አብጧል። ሰዑድ ነው፤ የአምቡላንሷ የቀን ሹፌር። ቀን ሰዑድ፣ ማታ ዝናው ይነዷታል። አንድ ቤት ተከራይተው አብረው የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ትናንት መኪናዋ የት እንደዋለች ጠየቀችው።

ከጤና ጣቢያው ግቢ አልወጣችም አለ። ትናንት አጎቱ ሀሚዱ ሆስፒታል ውስጥ ስላረፉ፣ እሱ ከሰዉ ጋር ጀናዛውን አጅቦ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሄዶ ነበር፤ በእግሩ። ከቀብር ተመልሶ ለዝናው ቁልፉን ሰጠው።

«አላህ ይዘንላቸው» አለች የሺሀረግ።

«አሚን» አለና ምሳ ዕቃውን ለዘቡ አስረከበ። ከማስረከቡ በፊት የተዘጋውን ክዳን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከሐዘኑ ነው፣ ለጓደኛው ተጨንቆ ነው ብላ ለጊዜው አለፈችው።

*

ሲስተር ማርያማዊት የአረቄውን ነገር ስትሰማ ደነገጠች፤ ወዲያውም ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። ከጤና ጣቢያው ማረፊያ ክፍል መደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አውርዳ ክዳኑን ከፈተችና ለየሺሀረግ አቀረበችላት። የእጅ ማጽጃ አልኮል ነው። ሴትዮዋን ከማንሳታቸው በፊት የዝናውን ሁለት እጅ እስከ ክርኑ እሷው ናት ያጠበችው። ኡበይድ ያሸተተው ይህንን ነው።

«ግባ ያልሁትም እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ቆሞ ነበር። ውሃውን እያየ ቆሞ ነበር። 'ዝናው፣ ደሟ አልቆመም' አልሁት። ይኸው ነው።»

«ከዚያ በፊት መኪናዋ ደህና ነበረች?»

አዋላጇ ጠርሙሱን ዘጋችው። ከሐይቅ ከተማ ሲወጡ ጀምሮ ከሞተሩ ቷ ቷ የሚል ድምፅ ነበር። ዝናው ሁለት ጊዜ አቁሞ ክዳኑን ከፍቶ አዳመጠ። ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት። ሁለተኛውን ጊዜ ሲዘጋው፣ «ይቺ እኔ የማውቃት መኪና አይደለችም» አለ። ከዚያ መሪውን ይዞ ነዳ።

የሺሀረግ ወደ መንገድ ስትወጣ ሳጅን አሊን አምቡላንሷን ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ጋራዥ በጭነት መኪና እንዲያስጎትት አዘዘችው። የጉልበት ውሃ አላነቃትም። እንግዲህ ታማ ነው ወንዙ የገባችው። ማን አሳመማት?

*

ጋሽ ቢያድግልኝ ቆፍጣና ሽማግሌ ነው፤ ከደንበኛ ጋር የሚጣላበት ቀን ከማይጣላበት ይበዛል። ለአምቡላንሷ ባለፈው ሳምንት ዘይት የቀየረላት እሱ ስለሆነ፣ ፖሊስ ይዟት ሲመጣ ፊቱ ጠቆረ። አሮጌ ዕቃ ገጥመህባት ይሆን ብላ እንደምትጠረጥረው አውቋል። እሷም አልደበቀችውም፤ በፊቴ ፍታው አለችው።

ሞተሩን ገልብጦ ከሥር ሲከፍተው መፈለግ አላስፈለገም። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ መካኒኮች ቢየላ የሚሉት፣ አንዱ ለሁለት ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ሽማግሌው ስባሪውን በጨርቅ ጠርጎ ብርሃን ላይ ያዘው።

«ተመልከች» አለ። «ይህ ክንድ ከመሰበሩ በፊት ጎብጧል። ብረት እንዲሁ አይጎብጥም። ሞተር አየር ይታመቅለታል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ውሃ ካገኘ፣ ከግድግዳ ጋር እንደተጋጨ በግ ነው፤ አንገቱ ይጣመማል።»

«ወንዙ ውስጥ ጎብጦ ወንዙ ውስጥ ተሰብሮ ይሆናላ።»

ሽማግሌው ስባሪውን አቀበላት። የሺሀረግ ፊቷ አስጠግታ አየችው። የስብራቱ ገጽ ሁለት መልክ አለው። ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፤ ግማሹ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። የጠቆረው ስንጥቅ ከበራው ስብራት ይቀድማል። ጎብጦና ተሰንጥቆ መንገድ ሄዷል፤ የተሰበረው በኋላ ነው።

«ከላይ ያሉትን ካንዴላዎች እያቸው» አለች።

አያቸውና ቅንድቡ ተነሳ። ሞተሩ አናት ላይ የተሰኩት የካንዴላዎቹ ጥርስ ላይ የመፍቻ ጭረት አለ፤ አዲስ ነው። አንድ ሰው በቅርብ ፈቷቸዋል። ውሃ የጠጣ ሞተር እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ካንዴላው ይወልቅና ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ሲመታ ውሃው በቀዳዳው ይተፋል። እኔ አይደለሁም፣ በመድኃኔዓለም አለ ጋሽ ቢያድግልኝ። ለዚህ የሚሆን መፍቻ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ አለ፤ ደግሞም የመኪናዋ የራሷ የመፍቻ ሳጥን።

የሺሀረግ የአየር ማጣሪያውን አስወጣችና በጋዜጣ ላይ አስቀመጠችው። ከላይ የወራቤሳ ቀይ ጭቃ ለብሷል። ቀዩን በጣቷ ገፋ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ ጭቃ አለ፤ ግራጫ፣ ልስልስ ያለ፣ በሙቀት ደርቆ የወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የተለጠፈ። በግራጫው ውስጥ ደግሞ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጡ ነጫጭ ነገሮች። አንዷን ጥፍሯ ላይ አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበቻት።

የቀንድ አውጣ ቅርፊት ናት።

የሺሀረግ አርዲቦ ዳር ነው ያደገችው። ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሲመለስ መንገዱ ላይ የሚተወውን ታውቀዋለች፤ ሲሄዱበት ከእግር ሥር ቅርጭ ቅርጭ ይላል። ከተራራ በደንጊያ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ወንዝ ቀንድ አውጣ አያሳድግም።

«ይህች መኪና ሁለት ውሃ ጠጥታለች» አለች። «የገደላት የመጀመሪያው ነው።»

*

አርዲቦ የሚለው ስም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መጣባት። የሰዑድ አጎት የተቀበሩት እዚያ ነው።

አቶ አምሳሉ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ የሚባለው መቅበሪያና መረዳጃ ማኅበር በዚያ አካባቢ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ አድርጎ የያዘ ነው፤ እሳቸው ማተብ ያላቸው ሰው ሆነው ዳኝነቱን የሰጧቸው እስላሞቹ ናቸው። እንግዳ ተቀባይ፣ ንግግራቸው የተመዘነ ሽማግሌ። የሺሀረግን በሴት አያቷ ስም አስታውሰው ጠሯት።

ሰዑድ ትናንት የት እንደዋለ ጠየቀቻቸው። ከእኛ ጋር ነበር አሉ። ሀሚዱን ከሐይቅ ከተማ ተቀብለን፣ የአርዲቦ ዳር መንገድ በውሃ ስለተዋጠ፣ በላይኛው በጋራው መንገድ አርባ ሆነን በትከሻ ተሸክመን ጀምበር ሳትጠልቅ አፈር አለበስነው።

«ሰዑድም ተሸክሟል?»

«ከፊት ነበር፣ ልጄ።»

ሌሎች ሦስት የቅሬ ሰዎች ጠየቀች። ሦስቱም በጋራው መንገድ፣ በትከሻ፣ ሰዑድ ከፊት አሉ። ቃላቸው ከአቶ አምሳሉ ቃል አንድ ፊደል አልጎደለም። የጤና ጣቢያው ዘበኛ መኪናዋ ስትወጣ አላየሁም አለ፤ እሱም የቅሬው አባል ነው።

«አርባ ሰው የመሰከረለት» አለ ሳጅን አሊ ሲመለሱ። «እኔ ስሞት ለቀብሬ አርባ ሰው ከመጣ ይበቃኛል፤ ይኸ ሁሉ ሊመሰክርልኝ?»

«ሁሉም በአንድ ቃል ሲናገር አትፈራም?»

«ቅሬ ውስጥ በአንድ ቃል የማይናገር ይቀጣል።»

ይህንን ስትሰማ ቆመች። አጥፊውን ሳይሆን መንገዱን ልትጠይቅ ወሰነች።

*

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጋራው ወጡ። መንገዱ ጠባብና የሚያዳልጥ ነው፤ ከሥር አርዲቦ ግራጫ ሆኖ ተንጣሏል፤ ውሃው የዳሩን መንገድ ውጦ የአጥር እንጨቶች ጫፍ ብቻ ከላይ ቀርቷል። በጋራው ወገብ ላይ ቤቶች ተራርቀው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ኡሙሰልማ የሚባሉ አሮጊት ሰፌድ ዘርግተው ማሾ ይለቅማሉ።

የሺሀረግ ሰላምታዋን ሳታሳጥር ሰጥታ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ተጠያይቃ፣ ሲያበቃ ሰኞ ዕለት የሀሚዱ ጀናዛ በደጃቸው ማለፉን ጠየቀቻቸው።

አሮጊቷ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«በዚህ?» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ጀናዛ በደጄ አልፎ ወንዶች ልጆቼ ትከሻ ሳይሰጡ? ምን ያህል ብትንቂኝ ነው?»

«ምናልባት አልሰሙ ይሆናል እሜቴ» አለ ሳጅን አሊ።

«የአንተን ጫማ ኮቴ ከታችኛው ሾላ ዛፍ ጀምሮ ነው የሰማሁት። አርባ ሰው ላኢላሀ ኢለላህ እያለ ሲያልፍ አልሰማ?»

ቂማቸውን ዘረገፉት። ሀሚዱ መሞቱን የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለተዝያ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ፣ በእኛ በኩል አምጥታችሁት ቢሆን ልጆቼ አጅሩን፣ ምንዳውን ባገኙ ነበር ብለው ወቅሰዋል። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

የሺሀረግ ወደሚቀጥለው ቤት፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄደች። መልሱ አንድ ነው። በዚህ አገር ከቤት የወጣ ቃሬዛ በተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ አይደርስም። በመንገዱ ያለ ሰው ዶማውን ጥሎ ይነሳል፤ እስላም ቢሆን ክርስቲያን፣ ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ሰጥቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አርባ ሰው ተማምሎ አንድ ቃል ይዟል፤ ግን በጋራው ላይ ያሉትን ቤቶች ማንም አላስታወሰም። በዚህ መንገድ ላይ ያንን ቃሬዛ አንድም ትከሻ አልነካውም።

«ታዲያ በምን ሄደ?» አለ ሳጅን አሊ፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ተዋጠው መንገድ ተመለከተ።

*

ሰዑድ ከለቅሶው ድንኳን ተነጥሎ፣ መንገዱ ውሃ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ለብቻው ቆሟል። የሺሀረግ ሳጅኑን ከኋላ አስቀርታ ወደ እሱ ወረደች። በጭቃው ላይ የጎማ ፈለግ አለ፤ በፈለጉ ግራና ቀኝ የብዙ ሰው እግር ተረከዙን ቀብሮ የገፋበት ጉድጓድ። ዝናቡ ገና አልደመሰሰውም።

«አጎትህ ጀምበር ሳትጠልቅ ተቀበሩ» አለችው።

«አዎ።»

«ማን ተሸክሟቸው?»

ሰዑድ ወደ ጎማው ፈለግ ተመለከተ።

«እሜት ኡሙሰልማ ተቀይመውሃል። ልጆቻቸው ትከሻ አልሰጡም። ከጋራው ሰው አንድም አልነካውም፣ ሰዑድ።»

ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ሳትጠይቀው ነገራት። ሆስፒታሉ ሬሳውን የሰጣቸው ከቀትር በኋላ ነው። በጋራው ከሄዱ ጀምበር ትጠልቅባቸዋለች፤ የኪራይ መኪኖቹ ደግሞ መንገዱ ውሃ ነው ብለው እምቢ አሉ። አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም፤ የጫነ ሹፌር ይባረራል። ሽማግሌዎቹ ግን ከበቡት። አጎትህ ነው፣ ሳይቀበር ሊያድር ነው ወይ አሉት። ዘበኛው ፊቱን አዞረለት። ውሃው ጋ ሲደርስ እንዳይቆም ፈርቶ በኃይል ገባበት፤ ውሃው እንደ ግድግዳ ተነስቶ የሞተሩን ክዳን አለበሰው፤ ሞተሩ አንዴ ጓ ብሎ ደረቀ። ገፍተው አወጧት። የቀረችውን ጥቂት መንገድ ጀናዛውን በእጃቸው አደረሱት። እሱ ወደኋላ ቀርቶ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ውሃውን አስተፋት፣ ማጣሪያውን አራግፎ ገጠመ።

«ሲነሳ አልሀምዱሊላህ አልሁ» አለ። «ትንሽ ይንኳኳል። ነገ ለጋሽ ቢያድግልኝ አሳየዋለሁ አልሁ። አቶ አምሳሉ ሁላችንንም ሰብስበው በትከሻ ነው የተሸከምነው አሉ። እኔን ለማዳን ነው። ክፉ ሰው አይደሉም።»

«ቁልፉን ስትሰጠውስ?»

ሰዑድ በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። ሐይቁ የአጥሩን እንጨቶች ቀስ ብሎ ይልስ ነበር።

«በር ላይ ስልክ እያወራ ነበር። 'ደም ይፈሳታል' ሲል ሰማሁት። እጁን ዘረጋልኝ።»

«ምንም ሳትለው?»

«ብነግረው አይሄድም። ካልሄደ ደግሞ ለምን አልሄደም ተብሎ ይጠየቃል።» እጁን ከፊቱ አነሳ። «ደርሳ ትመለሳለች አልሁ። ወላሂ፣ ደርሳ ትመለሳለች ብዬ ነው።»

የሺሀረግ ስለ ምሳ ዕቃው ጠየቀችው። ለምን ነበር ወደ ጣቢያው ይዞት የመጣው?

«እንዲነግርሽ ልለምነው ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ወይ እንዳይነግርሽ። እኔም አላውቀውም።»

ብድግ ሲል ክንዱን አልያዘችውም። ወደ ድንኳኑ በኩል ሲያልፉ አቶ አምሳሉ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ እነሱ መጡ፤ የየሺሀረግን ፊት አዩ፤ የሰዑድን ፊት አዩ። በእጃቸው የያዙት ጭራ ቀስ ብሎ ወረደ። ከሰዓት እኔም መጥቼ ቃሌን እሰጣለሁ አሏት። ይምጡ አለቻቸው።

*

ኡበይድ የጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ወንድሞቹ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነበሩ። የሺሀረግ ሰው ከመሀላቸው ሳይገባ ራሷ ልትነግረው ፈለገች፤ ከግንቡ ጥግ ወስዳ ከአረቄው ጀምራ እስከ ቀንድ አውጣው ድረስ ነገረችው። አላቋረጣትም። ስትጨርስ በዱላው ጫፍ መሬቱን ጫረ።

«ሟቹ እንዳይመሽበት ሮጡ» አለ። «የኔዋ መሸባት።»

የሺሀረግ ዝናውን ልታስፈታ ወደ ውስጥ ገባች።

ዝናው ከክፍሉ ሲወጣ መጀመሪያ የጠየቀው ማን ነገረሽ ብሎ ነው። የጋራው ቤቶች አለችው። መቀመጫው እርጥብ እንደነበር፣ ወለሉ ላይ ጭቃ እንዳየ አሁን አመነ። ሰዑድን ሊጠይቀው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ከቀብር የመጣን ሰው ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ስልኩም እንደገና ጮኸ።

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ ኢንስፔክተር» አላት። «እየሰማሁት ነው ውሃ የገባሁት። ያችን ጥፋት ከእኔ ላይ አታንሺልኝ።»

«እሷን አላነሳሁም። ያልሆነውን ነው ያነሳሁልህ።»

አዛዡ የዋስትናውን ወረቀት ፈርሟል። ዝናው ወደ በሩ ሲሄድ ኡበይድ መንገዱ ላይ ዱላውን አጋድሞ ተቀምጧል። ሳጅን አሊ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፤ የሺሀረግ በዓይኗ አስቆመችው። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ወንድሞች ቀና አሉ። ዝናው ቆመ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ኡበይድ አልመለሰለትም። ቀና ብሎም አላየውም። ብቻ ዱላውን ወደ ጭኑ ሰበሰበ። ዝናው በተከፈተለት ቦታ አለፈ፤ ወንድሞቹም አንድ በአንድ ከአጥሩ ተነሱ፤ የተከተለው ግን የለም።

ውስጥ፣ ጠረጴዛው ፊት፣ ሰዑድ ቆሟል። ዝናው በአጠገቡ ሲያልፍ ሁለቱ አልተያዩም ነበር። የሺሀረግ ወንበሩን አሳየችው፤ ወደ እስር ክፍል የማይገባውን ቀበቶውን ፈቶ አስቀመጠ፤ ከኪሱ ስልክና መሃረብ አወጣ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ጭቃ ደርቆበት ቋጠሮው እምቢ አለው። በጥፍሩ ሞከረ፤ ከዚያ በጥርሱ። የሺሀረግ ልትረዳው እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለሰችው። አንዱ ማሰሪያ ወጣ፤ ሌላኛውም ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተካክሎ ጣቱ ላይ ጠቀለላቸውና፣ ጥቅሉን ከጣቱ አውልቆ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው።